ካልኪን ጎል 1939፦ የጃፓንና የሶቪየት የድንበር ውጊያ ቢሰፋ ኖሮ?

ካርታ ወዳድ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። ሜይ 1939 ላይ ጥቂት የሞንጎሊያ ፈረሰኞች፣ ከ70 እስከ 90 ቢሆኑ ነው፣ ለፈረሶቻቸው ሣር ፍለጋ ካልካ ወይም ካልኪን ጎል የሚባለውን ወንዝ ተሻገሩ። ማዶው ማንቹሪያ ነው፣ ጃፓን በ1931 ወርራ ማንቹኩዎ ብላ የሰየመችውና በአሻንጉሊት መንግሥት የምትገዛው አገር። ጃፓኖች ድንበሩ ወንዙ ራሱ ነው ይላሉ። ሞንጎሊያና ከጀርባዋ ያለችው ሶቪየት ኅብረት ደግሞ ከወንዙ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ፣ ኖሞንሃን አካባቢ ነው ባዮች ናቸው። ተታኮሱ። በዚያ ዛፍ በማይታይበት የሣር ሜዳ ላይ ታንክና አውሮፕላን እየጨመሩ አራት ወር ተዋጉ። ኦገስት 20 ላይ ዡኮቭ፣ ያኔ ስሙ ገና ያልገነነ የሶቪየት አዛዥ ነው፣ 57,000 ገደማ ወታደርና ወደ 500 የሚጠጋ ታንክ ይዞ ጃፓኖቹን ከግራና ከቀኝ ከበባቸው። በአሥር ቀን ውስጥ 23ኛው ክፍለ ጦር እንዳልነበረ ሆነ። ሴፕቴምበር 15 ሞስኮ ላይ ተስማሙና በማግስቱ ተኩስ ቆመ።

የኔ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው። የማንቹሪያው የጃፓን ጦር፣ ክዋንቱንግ የሚባለው፣ ማቆም አልፈለገም ነበር። ሌሎች ክፍለ ጦሮችን ወደ ግንባር እያስጠጋ ለመልሶ ማጥቃት ሲዘጋጅ ነው ቶኪዮ በቃ ያለችው። ባትልስ ኖሮ? ስታሊንም በበኩሉ ድንበሩ ላይ አልቆምም ቢልስ?

እስካሁን የማስበው እንዲህ ነበር። ጃፓን እስከ ባይካል ሐይቅ ትገፋለች፣ ካርታ ላይ ሳየው ሩቅ አይደለም። ሶቪየት በሁለት ግንባር ትወጠራለች። በ1941 ሒትለር ሞስኮ ይገባል። ይህ ሐሳቤ የቱ ጋ ነው የሚሰበረው? "ይሆን ነበር፣ አይሆንም ነበር" ብቻ አይደለም የምፈልገው። በምን መንገድ፣ በምን ነዳጅ፣ በማን ትእዛዝ የሚለውን የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

የአሰብ መንገድ

ልጄ፣ እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። 22 ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቦቴ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ። ስለዚህ ስለ አንድ ጦርነት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ባቡሩ የት ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያስ ዕቃው በምን ይጫናል የሚለውን ነው። የጥያቄህ መልስም ያለው እዚያ ይመስለኛል።

የጃፓኖቹ ባቡር ሃይላር ይደርሳል። ከሃይላር እስከ ግንባሩ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሶቪየቶቹ ቦርዝያ ላይ ያበቃል። ከቦርዝያ እስከ ወንዙ 650 ኪሎ ሜትር፣ ያውም አስፋልት ቀርቶ ደህና ፒስታ እንኳ የሌለበት ሜዳ። የጃፓን መኮንኖች ይህን አይተው "ከባቡር ይህን ያህል ርቆ ብዙ ጦር መቀለብ አይቻልም" ብለው ደመደሙ። ስሌታቸው የእብድ አልነበረም። እነሱ ራሳቸው አይችሉትም ነበርና።

ዡኮቭ ለኦገስቱ ማጥቃት 55,000 ቶን ያህል ያስፈልገኛል ብሎ አሰላ። ጥይት፣ ቦምብ፣ ነዳጅ፣ ቀለብ፣ ማገዶ ሳይቀር፣ ምክንያቱም አገሩ ላይ እንጨት የለም። ደርሶ መልስ 1,300 ኪሎ ሜትር፣ አምስት ቀን። መኪናው በሺዎች የሚቆጠር ነበር፣ እሱም አልበቃ ብሎ መድፍ መጎተቻውን ሳይቀር ለጭነት አሰለፉት። ሹፌሮቹ በዚያ ሙቀትና አቧራ ሳይተኙ እንደሚነዱ ሳነብ፣ እውነቴን ነው፣ ከታንከኛው ይልቅ ልቤ ወደነሱ ሄደ።

አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ ሌሊት ሚሌን አልፈን የኋላ ጎማ ፈነዳብን። ቦቴው ሙሉ ነው። ረዳቴ ክሪኩን ሲያስገባ አፈሩ ልል ሆኖ ክሪኩ ራሱ ወደ ታች ይሰምጣል እንጂ መኪናው አይነሣም። በእጅ ባትሪ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፍለጋ ወዲህ ወዲያ አለ። ድንጋዩ ሲገኝ ነግቶ ነበር። ተነሥተን አንድ ሰዓት ሳንሄድ ሁለተኛው ፈነዳ። ይህ እንግዲህ በሰላም ጊዜ፣ በአስፋልት ላይ፣ የሚተኩስብን ሳይኖር ነው። እነዚያ ሰዎች ይህን በሺህ መኪና፣ በየቀኑ፣ አውሮፕላን እያንዣበበባቸው አደረጉት።

አሁን ወደ ጥያቄህ ስንመጣ፣ ጦርነቱ ሰፍቶ ሶቪየቶቹ ከወንዙ ተነሥተው ሃይላርን ልያዝ ቢሉ፣ 650ው ላይ 200 ይጨመራል። ቦቴ የሚያደርሰውን ነዳጅ ራሱም ይጠጣል፣ ለመሄዱም ለመመለሱም። መንገዱ በረዘመ ቁጥር የሚደርሰው ይቀንሳል፣ መለዋወጫው ይርቃል፣ ሹፌር ይደክማል። ስለዚህ ዡኮቭ ሶቪየቶች ድንበር ነው ያሉት ቦታ ላይ ሲደርስ የቆመው በስታሊን ትእዛዝ ብቻ አይመስለኝም፣ መኪናውም ያንኑ ሳይለው አልቀረም።

ጃፓኖቹ እስከ ባይካል የምትለው ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። እግረኛቸው ከሃይላር እስከ ግንባር በእግሩ ነው የመጣው። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ወንዙን ተሻግረው ለማጥቃት ሲሞክሩ የነበራቸው አንድ ተንሳፋፊ ድልድይ ነበር፣ ታንካቸውንም አላሻገረላቸውም። በአንድ ድልድይ አንድ ወንዝ መሻገር ያቃተው ጦር በምን ተአምር ባይካል ይደርሳል?

ኢርኩትስክ የኖረ

ጋሼ፣ ስለ መኪናው የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልክ ነዎት። በአንድ ነገር ግን አልስማማም። እርስዎም ጠያቂውም የምታዩት ሜዳውን ብቻ ነው። ጦርነቱ ቢሰፋ እኮ እዚያ ሜዳ ላይ አይሰፋም ነበር። ለሁለቱም ወገን በጣም ከባዱ ቦታ ያ ነው።

ቀላሉ ቦታ የሶቪየቶቹ የፓስፊክ ወደብ ቭላዲቮስቶክ ነው። የሳይቤሪያው ባቡር ከቺታ በኋላ የአሙርን ወንዝ አቅጣጫ ተከትሎ ይሄዳል፣ ወንዙ ደግሞ ድንበር ነው። ከሃባሮቭስክ ወደ ደቡብ ሲታጠፍም ከማንቹሪያ ጎን ለጎን ነው የሚወርደው። ቀድሞ በማንቹሪያ ውስጥ አቋርጦ የሚያልፍ አጭር መስመር ነበራቸው፣ ግን እሱን በ1935 ለማንቹኩዎ ሸጠውታል። ስለዚህ ጃፓን ሐዲዱን አንድ ቦታ ብትቆርጠው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጦር፣ ወደብና መርከብ ሁሉ ባለው ስንቅ ብቻ ይቀራል። ባሕሩም የጃፓን ነው። ዡኮቭ ሞንጎሊያ ውስጥ ቢያሸንፍ ባያሸንፍ ይህን አይለውጠውም።

እኔ በሰማንያዎቹ ኢርኩትስክ ነው የተማርኩት። አንድ ክረምት ከጓደኛዬ ጋር በባቡር ወደ ቺታ ሄድን። ሐይቁ ጋ ስንደርስ መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ። በአንድ በኩል ተራራ ነው፣ በሌላ በኩል ሐዲዱ ሥር ባይካል ነው፣ ነጭ ሆኖ የረጋ። ለሰዓታት እንዲያ ነው የሚሄደው። በ1939 ዋናው መስመር በገደሉ ሥር በደርዘን በሚቆጠሩ ዋሻዎች ውስጥ ነበር የሚያልፈው፣ የዛሬው ማቋረጫ ገና አልተሠራም። ያን ጊዜ ያሰብኩት ይህን ነው፣ የዚህ ሁሉ አገር ጉሮሮ አንድ ክር ናት። ቭላዲቮስቶክን ለማየት ግን አልቻልኩም፣ በኛ ጊዜ ለውጭ ዜጋ ዝግ ነበረች። ለምን እንደዘጓት ካርታውን ያየ ይገባዋል።

የኔ ግምት እንግዲህ ይህ ነው። በ1939 ወይም በ1940 ጦርነቱ ቢሰፋ ጃፓን በሜዳው ትሸነፋለች፣ በባሕሩ ዳርቻ ግን ታሸንፋለች። ቭላዲቮስቶክን በውጊያ ትይዛለች ማለቴ አይደለም፣ ሶቪየቶች እዚያ ከባድ ምሽግ ሠርተዋል። ግን ታንቀዋለች። ሶቪየቶች ደግሞ ከዚያው አካባቢ ተነሥተው ቶኪዮ የሚደርሱ ከባድ ቦምብ ጣዮች ነበሯቸው። ከእንጨትና ከወረቀት የተሠሩ ከተሞች ላይ እሳት ሲወርድ አስቡት። የጃፓን ሕዝብ በኋላ በ1945 ያየውን ከስድስት ዓመት በፊት መቅመስ ይጀምር ነበር።

ምንትዋብ

ወንዶቹ ስለ ሐዲድና ጎማ ተጨቃጨቁ፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን ሦስተኛው ጥያቄ ይበልጥብኛል፣ በማን ትእዛዝ የሚለው።

ይህ ጦርነት በጃፓን መንግሥት ውሳኔ የመጣ አይደለም። ኤፕሪል 1939 ላይ የክዋንቱንግ ጦር ለወታደሮቹ አንድ መመሪያ አወጣ። ያረቀቀው ቱጂ ማሳኖቡ የሚባል ሻለቃ ነው። ፍሬ ነገሩ፣ ድንበሩ ግልጽ ካልሆነ የአካባቢው አዛዥ ራሱ ይወስን፣ ከዚያ በኃይል ያስከብር ይላል። እስቲ አስቡት፣ የሁለት ታላላቅ መንግሥታት ድንበር የት እንደሆነ አንድ የጦር አዛዥ በራሱ መነጽር አይቶ እንዲወስን ተፈቀደለት። አንድ ወር አልሞላም፣ ያ ከብት የሚጠጣበት ወንዝ ጋ ተኩስ ተጀመረ።

ጁን 27 ደግሞ ከ100 በላይ አውሮፕላን ልከው ሞንጎሊያ ውስጥ ታምሳግቡላግ የሚባለውን የአየር ማረፊያ ደበደቡ። ቶኪዮ እንዳትከለክላቸው ብለው ደብቀው ነው ያደረጉት። ሲሳካላቸው በደስታ ስልክ ደወሉ፣ ከቶኪዮ የመጣላቸው ግን ቁጣ ነው። ቁጣ ብቻ። ማንም አልተነሣም። የክዋንቱንጉ አዛዥ ኡዌዳ የተነሣው ሺህዎች ካለቁ በኋላ ሴፕቴምበር ላይ ነው። ጃፓን ራሷ ያመነችው ሟች ከ8,000 በላይ ነው። ሶቪየቶቹም ሟችና የጠፋ ተደምሮ ወደ 9,700 ይደርስባቸዋል።

ስለዚህ ካርታ ወዳድ፣ "ቶኪዮ ባታስቆም ኖሮ" ያልከው ሩቅ ምኞት አይደለም። በ1931 እኮ የዚሁ ጦር መኮንኖች ሐዲድ አፈንድተው፣ ቻይና ናት ብለው፣ ማንቹሪያን ያዙ፣ ቶኪዮም ከኋላ ተከትላ አጸደቀችላቸው። ያኔ የሠራው በ1939 ለምን አልሠራም? ለኔ ምክንያቱ አንድ ሳምንት ነው። ኦገስት 20 ዡኮቭ ማጥቃት ጀመረ። ኦገስት 23 ሒትለርና ስታሊን ያለመጠቃቃት ውል ተፈራረሙ። ጃፓን ከጀርመን ጋር ፀረ ኮሚንተርን የሚል፣ ኮሚኒስቶችን የሚቃወም ስምምነት ነበራት፣ ወዳጄ ያለችው ሰው ጦሯ እየተከበበ ሳለ ከጠላቷ ጋር ፈረመ። ኦገስት 28 የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር የሂራኑማ መንግሥት ከሥልጣን ወረደ። አሜሪካም ገና በጁላይ የንግድ ውሏን እንደምታፈርስ አስታውቃ ነበር። ቻይና ውስጥ ሁለት ዓመት የገባችበት ጦርነት አለ፣ መውጫው አይታይም። እንዲህ ሆነህ ነው ሳይቤሪያ የምትገባው?

እና የኔ መልስ፣ ጦርነቱ ሊሰፋ ይችል የነበረው ኦገስት ላይ ሳይሆን ጁላይ ላይ ነው። ጁላይ ላይ ቢሰፋ ግን ስታሊን የሒትለርን ውል የበለጠ ይፈልገው ነበር እንጂ አይተወውም። ጀርባው እየተወጋ ፊቱን ነፃ ማድረግ አለበታ። ስለዚህ ውሉ ይፈረማል፣ ፖላንድ ትወረራለች፣ ጃፓንም ብቻዋን ትቀራለች። ያው ነው የሚመጣው።

ከኛ ጋር የሚያገናኘውን አንድ ነገር ልጨምርና ልተው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓንን የጎበኙት በዚያው በ1931 መጨረሻ ላይ ነው፣ ማንቹሪያ እየተወረረች ሳለ። የኛ ምሁራን ያኔ ጃፓንን እንደ ምሳሌ ነበር የሚያዩት፣ የ1931 ሕገ መንግሥታችን እንኳ ከነሱ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው የተቀዳው። ከአምስት ዓመት በኋላ ያቺው ጃፓን ለጣሊያን ወረራ ዕውቅና ሰጠች፣ ጣሊያንም በተራዋ ለማንቹኩዎ ዕውቅና ሰጠች። ሶቪየት ግን ለወረራው ዕውቅና አልሰጠችም። ይህን ሳነብ ሁሌ ያመኛል፣ እኛንና ማንቹሪያን ተለዋወጡን።

ካርታ ወዳድ

እህቴ፣ የመጨረሻውን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎንም።

ባይካልን ትቼዋለሁ፣ አሳምናችሁኛል። ግን አንድ ነገር ገና አልለቀቀኝም። ጃፓን ወደ ደቡብ የዞረችው በነዳጅ ነው አይደል? አብዛኛውን ነዳጇን ከአሜሪካ ነበር የምትገዛው፣ ኦገስት 1941 አሜሪካ ስትዘጋባት ወደ ኢንዶኔዥያ ሮጠች። ወደ ሰሜን ብትሄድ ኖሮ ነዳጅ አታገኝም ነበር?

ኢርኩትስክ የኖረ

ከምድሩ በታች ነበረ፣ ያወቀው ሰው ግን አልነበረም። የምዕራብ ሳይቤሪያ ነዳጅ የተገኘው ከጦርነቱ ስንት ዓመት በኋላ ነው፣ ቦታውም ከባይካል ወዲያ እጅግ ሩቅ። በሰሜን ሳኻሊን ኦኻ ላይ ጃፓኖች በውል የሚያወጡት ነበር፣ ትንሽ ነው፣ መርከባቸውን አያንቀሳቅስም። የሚገርምህ ዳቺንግ ነው። ለረጅም ጊዜ የቻይና ትልቁ የነበረው የነዳጅ መስክ፣ በ1959 የተገኘው፣ ማንቹሪያ ውስጥ ነው። ጃፓኖች 14 ዓመት ሙሉ እላዩ ላይ ተቀምጠው ነዳጅ ፍለጋ ዓለምን ወጉ።

ስለዚህ ወደ ሰሜን መስፋት ማለት ነዳጅ የሚበላ ጦርነት ውስጥ ገብቶ ነዳጅ የሌለበት አገር መያዝ ነው። ይህን የጃፓን ባሕር ኃይል በደንብ ያውቀው ነበር፣ ለዚህም ነው ደቡብ ደቡብ ይል የነበረው።

የአሰብ መንገድ

ጨዋታው ጥሩ ነው። ውኃን ረሳችሁት።

ከወንዙ ምዕራብ ያለው ዳርቻ ከፍ ይላል፣ ምሥራቁ ዝቅ ይላል። ሶቪየቶቹ መድፋቸውን ከፍታው ላይ ደርድረው ቁልቁል ያዩዋቸዋል። ጃፓኑ ወታደር ወንዙን እያየ፣ ለመጠጣት ቢወርድ ይመታል። በጁላይ ሙቀት፣ ትንኙ እየበላው። አፋር ላይ መኪና የቆመበት ሰው ይህን ያውቀዋል፣ ውኃ ሲያልቅ ሰው ሌላ ነገር አያስብም። የጀግንነት ጉዳይ አይደለም። ጃፓኖቹ ጀግኖች ነበሩ። በጠርሙስ ቤንዚን ይዘው ታንክ ላይ እየዘለሉ ነው ያቃጠሉት፣ የዡኮቭ ታንኮች በቤንዚን ነበር የሚሄዱት፣ በዚያ ሙቀት እንደ ችቦ ይነዱ ነበር። ያም ሆኖ ውኃ ያለው፣ ጥይት ያለው፣ ቁስለኛ የሚያነሣበት መኪና ያለው አሸነፈ።

ሌላው ማታ ላይ ሳስበው የመጣልኝ ነገር፣ ያ የሰፋው ጦርነት እኮ በኋላ መጥቷል። ኦገስት 1945። ሶቪየቶቹ አንድ ሚሊዮን ተኩል ወታደር ይዘው ማንቹሪያ ሲገቡ፣ አንዱ የታንክ ጦራቸው የተነሣው ከዚያው ከታምሳግቡላግ አካባቢ ነው፣ ኪንጋን የሚባለውን ተራራ ተሻግሮ። ያኔ የአሜሪካን ስቱድቤከር መኪኖች በገፍ ነበሯቸው። እንዲያም ሆኖ ታንኮቹ መሐል ላይ ነዳጅ አልቆባቸው ቆሙ፣ በአውሮፕላን ነው የደረሰላቸው። በ1945 ያን ያህል ነገር ይዘው የቆሙ፣ በ1939 የት ይደርሱ ነበር? ሃይላር። ከዚያ አያልፉም።

ምንትዋብ

ጋሼ፣ ይህንንስ ልቃወም አልችልም። አንድ ነገር ላክልበት። ሴፕቴምበር 1939 ላይ ክዋንቱንግን ለማረጋጋት የተላከው ኡሜዙ፣ በ1945 ሚዙሪ መርከብ ላይ የጃፓንን ጦር ወክሎ የእጅ መስጠቱን ሰነድ የፈረመ ሰው ነው። ሞስኮ ላይ ተኩስ አቁሙን የተደራደረው ቶጎም በ1945 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። የ1939ን ትምህርት በገዛ እጃቸው የያዙ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ኢርኩትስክ የኖረ

ወደ 1941 ልመለስ፣ የካርታ ወዳድ ዋናው ፍርሃት እሱ ነበርና።

ሞስኮ ትወድቅ ነበር ወይ? እንደሚባለው ከሩቅ ምሥራቅ የመጡ ክፍለ ጦሮች በ1941 መጸው ሞስኮን ለማዳን ደርሰዋል። 32ኛው ክፍለ ጦር አንዱ ነው፣ በ1938 በኻሳን ሐይቅ ከጃፓን ጋር የተዋጋ፣ ኦክቶበር 1941 ቦሮዲኖ ላይ ጀርመኖችን የገጠመ። 78ኛውም ከዚያው ነው የመጣው። የሶቪየት ሰላዩ ሶርጌ ከቶኪዮ ጃፓን ወደ ሰሜን እንደማትመጣ ነግሯቸዋል። ጦርነቱ በ1939 ሰፍቶ ቢሆን እነዚህ ሰዎች ወይ ሞተዋል ወይ አሙር ላይ ተቸንክረው ይቀራሉ።

በሌላ በኩል ግን፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው አያስብበትም፣ ሩቅ ምሥራቅ የተወጠረ ስታሊን ኖቬምበር 1939 ላይ ፊንላንድን ይወር ነበር ወይ? አይመስለኝም። ፊንላንድን ባይወር ቀዩ ጦር በዓለም ፊት አይዋረድም። ሒትለርም ያንን አይቶ "በሩን ብንረግጠው ቤቱ ይፈርሳል" ብሎ አይደፍርም ይሆናል። ግን የመከላከያ ኃላፊው ቮሮሺሎቭም አይነሣም፣ ተተኪው ቲሞሼንኮም ጦሩን ማስተካከል አይጀምርም። ክፉውም ደጉም አብሮ ይሄዳል።

ለኔ ከክፍለ ጦሮቹ የሚበልጠው ወደቡ ነው። አሜሪካ ለሶቪየት ከላከችው ዕርዳታ ግማሽ ያህሉ በፓስፊክ በኩል ነው የገባው። በሶቪየት ባንዲራ የሚሄዱ መርከቦች በጃፓን አፍንጫ ሥር እያለፉ ቭላዲቮስቶክ ያራግፉ ነበር፣ ጃፓንም አትነካቸውም። ለምን? ኤፕሪል 1941 ላይ የገለልተኝነት ውል ተፈራርመዋል። ያ ውል የካልኪን ጎል ልጅ ነው። ጦርነቱ ሰፍቶ ቢሆን ውሉ የለም፣ መርከቡ የለም፣ ጋሼ ያሉት ስቱድቤከርም አይደርስም። ሞስኮ በ1941 ላትወድቅ ትችላለች። በርሊን ለመድረስ ግን ከ1945 ብዙ ይርቅ ነበር፣ በዚህ መሐል የሚያልቀውን ሰው ማሰብ ይከብደኛል።

የሞያሌ ልጅ

አንብቤ አንብቤ እዚህ ደረስኩ፣ ስለ ሞንጎሎቹ ግን አንድ ሰው አልተናገረም። ጦርነቱ እኮ በነሱ አገር ነው።

እኔ ያደግሁት ድንበር ላይ ነው። አያቴ ከብቶቹን ይዞ ዝናብ ወዳለበት ይሄዳል፣ ዝናቡ ኬንያ ከሆነ ኬንያ ነው። ድንበሩን የሚያውቀው ወታደር ሲያስቆመው ነው። ስለዚህ "ፈረሶቻቸውን ሊያግጡ ወንዙን ተሻገሩ" የሚለውን ስታነቡ ብዙዎቻችሁ ሰበብ ይመስላችኋል። ሰበብ አይደለም። ሣሩ ከወንዙ ማዶ ከሆነ ፈረስ ማዶ ይሄዳል።

ከማዶም ያሉት ሞንጎሎች ናቸው። በማንቹኩዎ ስም የተሰለፉት ፈረሰኞች ብዙዎቹ ሞንጎሎች ነበሩ፣ ከነሱም መሣሪያቸውን ጥለው የኮበለሉ አሉ። ወንድማማቾችን ነው ያታኮሷቸው። ከወዲህ ደግሞ የሞንጎሊያው መሪ ቾይባልሳን በስታሊን ትእዛዝ ከ1937 እስከ 1939 ከ20,000 በላይ ሰው ገድሏል፣ አብዛኞቹ መነኮሳት ናቸው። የገዛ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው የነበረው ገንደን እንኳ ሞስኮ ላይ ተገድሏል። ያን ጊዜ የሞንጎሊያ ሕዝብ በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን አይሞላም።

እና ጦርነቱ ቢሰፋ ስትሉ፣ ያ የ650 ኪሎ ሜትር መንገድ በማን ግጦሽ ላይ ነው የሚያልፈው? ለሁለት ዓመት ታንክና መኪና ሲመላለስበት ሣሩ ምን ይሆናል? ክረምቱ ሲመጣ ከብቱ ምን ይበላል? ሶቪየት በሜዳው አሸነፈች፣ ጃፓን በባሕሩ አሸነፈች ትላላችሁ። የሞንጎሊያ አርብቶ አደር ግን በሁለቱም ያልቅ ነበር።

ካርታ ወዳድ

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። እውነት ለመናገር የሠራሁት ካርታ ላይ ያሉት ሐዲድ፣ ወንዝ፣ የጦር ሰፈርና ቀስቶች ናቸው። የውኃ ጉድጓዶቹንና የግጦሽ ቦታዎቹን አላስገባሁም። የድሮ የአካባቢውን ካርታ ፈልጌ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ጋሼ፣ ከቦርዝያ የሚመጣው መንገድ የት የት ውኃ ይቀዳ እንደነበር አብረን ብንገምት ደስ ይለኛል፣ መኪናውም ውኃ ይጠጣል አይደል?

የአሰብ መንገድ

ይጠጣል እንጂ። በዚያ ሙቀት ራዲያተሩ በየሁለት ሰዓቱ ይጠይቅሃል። ካርታውን ለጥፈው፣ ከከብቱ ጋር የት የት እንደሚጋፋ አሳይሃለሁ።